«3 ሰዓት» የትኛው 3 ሰዓት ነው?

ጥያቄው በአጭሩ፦ «24 ዓመቴ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ አስመጪ ድርጅት የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ ነኝ። ኮምፒዩተሬ ላይ ቀጠሮ የሚያስታውስ የሰዓት ፕሮግራም ጭኜ አራት ወር በደንብ ሠራልኝ። ባለፈው አንድ ደንበኛ ደውለው ‹ማክሰኞ 3 ሰዓት እመጣለሁ› አሉኝ። 3:00 ብዬ ሞላሁ። አልጠራም። ሰውየው መጥተው 40 ደቂቃ ጠብቀው ሄዱ፤ አለቃዬ ሞጆ ደረቅ ወደብ ነበሩ። ‹ሥራሽን ለማሽን ከሰጠሽ አንቺን ምን አደርግሻለሁ?› ብለው ተቆጡኝ። ፕሮግራሙን አጥፍቼ ወደ አጀንዳዬ ልመለስ? ደመወዜም ትንሽ ነው። ቤተሰቦቼ ‹ጸሐፊ ሆነሽ ልትቀሪ ነው?› እያሉ ዱባይ አክስቴ ጋ እንድሄድ ይገፋፉኛል። ወይስ ማታ አካውንቲንግ ልማር?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ሳቄ መጣ። በአንቺ አይደለም። እኔም 11 ዓመት ጸሐፊ ነበርኩ፤ ያንቺው ጉድ እኔም ላይ ደርሷል።

የኔ ዘመን መሣሪያ ጠረጴዛውን ግማሽ የሚሸፍን አጀንዳ ነበር። አንድ እንግዳ ከውጭ ይመጣል ተባለ፤ በፋክስ የመጣው ወረቀት «ማክሰኞ 02:00» ይላል። እኔ በቆንጆ እጅ ጽሑፍ «ማክሰኞ 2 ሰዓት» ብዬ አሰፈርኩ። ሾፌሩ ጠዋት 2 ሰዓት ቦሌ ሲደርስ ሰውየው ሻንጣው ላይ ተቀምጦ እያንጎላጀ ነው። የደረሰው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነበር፤ እኛ «ሰኞ ሌሊት፣ ለማክሰኞ አጥቢያ» የምንለው። ስድስት ሰዓት ሙሉ ጠበቀ። ያ ሁሉ ወረቀት ላይ ተጽፎ ነው እንግዲህ። አጀንዳው አላዳነኝም፤ አንቺንም አያድንሽም። ፕሮግራሙን አታጥፊው።

አሁን የሆነውን እንየው። ፕሮግራምሽ የሐበሻ ሰዓት አያውቅም። 3:00 ስትይው የገባው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ኮምፒዩተርሽ ጠፍቷል። ቢበራም ኖሮ የሚሰማው ዘበኛው ብቻ ነበር። ደንበኛው ያሉት ጠዋት 3 ሰዓት ስለሆነ መሞላት የነበረበት 09:00 ነው። የስድስት ሰዓት ልዩነት ክፋቱ ይኼ ነው፤ 3 ቁጥር በሁለቱም አቆጣጠር አለ፣ ሲሞላ ስሕተት አይመስልም። 15 ቁጥር ብትጽፊ ኖሮ ዓይንሽን ይኮረኩርሽ ነበር። ስለዚህ የፕሮግራሙን አቆጣጠር ወደ 24 ሰዓት ቀይሪው፤ ግማሹ ግራ መጋባት እዚያው ያልቃል።

አንድ ብልሃት ልንገርሽ፤ ሠልጣኞቼ በጣም ይወዱታል። ዊንዶውስ ላይ ከራስሽ ሰዓት ሌላ ሁለት ተጨማሪ ሰዓቶች መጨመር ይቻላል። በሰዓት ክልል ዝርዝሩ ውስጥ አዲስ አበባን ብትፈልጊ አታገኚያትም፤ የኛ ክልል «ናይሮቢ» በሚለው ስም ነው ያለው። እሱ በዋናነት ይቀመጥ። ተጨማሪውን ግን ቦነስ አይረስ አድርጊው። አርጀንቲና ከኛ ስድስት ሰዓት ወደኋላ ናት፤ የሐበሻ ሰዓትም ከዋናው ስድስት ሰዓት ወደኋላ ነው። ጠዋት 09:00 ሲል እዚያ 03:00 ይላል። ስሙን «ሐበሻ» ብለሽ ሰይሚው። ከዚያ ማውሱን ጥግ ያለው ሰዓት ላይ ስታሳርፊ ሁለቱን ጎን ለጎን ታያለሽ። ማታ 3 ሰዓት ላይ ግን በ24 አቆጣጠር 15:00 ስለሚልሽ 12 መቀነስ አትርሺ። (አርጀንቲና ሄጄ አላውቅም፤ ሰዓቷን ግን ቤቴ አስገብቻለሁ።)

የውጭ አገር ሰው «በኛ ሰዓት 10:00 ላይ እንነጋገር» ካለሽ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ዋሽንግተን በበጋቸው ከኛ ሰባት ሰዓት፣ በክረምታቸው ስምንት ሰዓት ወደኋላ ነው። የምንቀያይረው እኛ አይደለንም፤ እነሱ ናቸው፣ አንዴ የካቲት አልቆ መጋቢት ሲገባ ገደማ፣ አንዴ ደግሞ በጥቅምት መጨረሻ አካባቢ። ሁለተኛውን ተጨማሪ ሰዓት ለዚህ ተጠቀሚበት።

ቀንም ጠይቂ። «5/4» ብሎ የጻፈልሽ ሰው ታኅሣሥ 5ን ይሁን የፈረንጅ ኤፕሪልን ሳታጣሪ አትሙዪ። ስልክ ላይ ሳለሽ መልሰሽ አንብቢላቸው፦ «ማክሰኞ፣ ጠዋት፣ 3 ሰዓት፣ እኛ ቢሮ፤ ልክ ነኝ?» አሥር ሰከንድ ነው የሚፈጀው።

ደግሞ ማስታወሻው መቼ ነው የሚጠራሽ? አውትሉክ (የማይክሮሶፍት የኢሜይልና የቀጠሮ ፕሮግራም) ካልነካሽው 15 ደቂቃ ሲቀረው ነው የሚያስታውስሽ። አለቃሽ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው ሞጆ ካሉ የ15 ደቂቃ ጥሪ ለማልቀሻ እንጂ ለሌላ አይሆንም። ለአንድ ቀጠሮ ሁለት ጥሪ ሙዪ፤ አንዱ በዋዜማው ከቀኑ 10 ሰዓት፣ አለቃሽ ነገ የት እንደሚውሉ የምትጠይቂበት፣ ሌላው በዕለቱ ለመንገዱ በሚበቃ ሰዓት። ጽሑፉ ላይም «ስብሰባ» ብቻ አትበዪ። የሰውየውን ስም፣ ስልካቸውን፣ የትኛው ፋይል ጠረጴዛ ላይ መሆን እንዳለበት ጻፊ።

ማሽኑ የሚከዳሽ ቦታም አለ። ኮምፒዩተሩ ከተኛ ወይም መብራት ከሄደ ጥሪ የለም። አሮጌ ዴስክቶፕ ከሆነ በውስጡ ያለችው የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባትሪ ስትደክም፣ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ቀኑ ወደ ድሮ ይመለሳል። ጠዋት ድረ ገጾች ሁሉ «ደኅንነቱ አልተረጋገጠም» እያሉ እምቢ ካሉሽ በመጀመሪያ ቀኑን እይ። ለዚህ ለዚህ ነው አጀንዳው ከጎንሽ የሚቀመጠው። ማታ ከመውጣትሽ በፊት የነገውን ከፕሮግራሙ ላይ በእጅሽ ገልብጪ። ስትገለብጪ ስሕተቱን ታዪዋለሽ፤ ያኔ 03:00ን በእጅሽ ብትጽፊው ኖሮ ትደነግጪ ነበር።

አለቃሽን በተመለከተ፣ ተቆጥተዋል፤ ልክም ናቸው፤ ደንበኛ አምልጧቸዋል። ግን ማሽኑ አይደለም የተሳሳተው፣ አንቺ ነሽ። ይህንኑ ንገሪያቸው፤ ከላይ ያልኩሽን ማስተካከያ በግማሽ ገጽ ጽፈሽ ስጪያቸው። ለደንበኛውም ራስሽ ደውለሽ ይቅርታ ጠይቂ፤ አዲስ ቀጠሮም ያዢላቸው።

ቤተሰብሽ ጋ ስንመጣ በግልጽ ልናገር። ጸሐፊነትሽን የሚንቁት ሰዎች ወር ሲደርስ ደመወዝሽን ንቀው አይመልሱልሽም። የሥራ አስኪያጅን ቀን የምታስተካክል ሰው ድርጅቱ ውስጥ ማን ለማን እንደሚከፍል፣ የትኛው ዕቃ የት እንደታሰረ፣ ማን ማንን እንደሚፈራ ታውቃለች። እኔ ቢሮ ኃላፊ የሆንኩት ያንን ስለማውቅ ነው። ዱባይ ያለችው አክስትሽ ደግሞ የሥራውን ዓይነትና ደመወዙን በጽሑፍ ትላክ፤ ካልላከች ወሬ ነው።

የደመወዝ ጭማሪ አሁን አትጠይቂ። ስድስት ወር ቀጠሮ ሳይዛነፍብሽ ከሠራሽ በኋላ ጠይቂ።

የማታው ትምህርት ጥሩ ነው፤ አካውንቲንግ ግን የምትወጂው አይመስለኝም፣ ደብዳቤሽ ውስጥ አንድ ቦታ እንኳ በፍቅር አላነሳሽውም። እኔ በማታ የተማርኩት ማኔጅመንት ነው፤ አልቆጨኝም። ምዝገባው የሚከፈትበትን ቀን ጠይቂና ፕሮግራሙ ላይ ሙዪው። ሳምንት ሲቀረው እንዲጠራሽ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ፤ ማለትም 16:00።