ከሳሽ ሁሉ ሰይጣን ነው ወይ?

ጥያቄ፦ የምሠራው ደሴ፣ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። በቀደም ሰንበት አንድ መምህር ሲያስተምሩ «ሰይጣን ማለት ከሳሽ ማለት ነው» አሉ። እኔ ከጠዋት እስከ ማታ ከሳሽ፣ ተከሳሽ እያልኩ ነው የምውለው። ከሳሽ ብዬ የምመዘግበው ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መሬቱ የተወሰደበት ወይ ቀለብ የተከለከለች እናት ናት። ታዲያ ሰይጣን በክርስትና ይህን ያህል ክፉ የተባለው በምኑ ነው? ሰይጣን፣ ዲያብሎስ፣ ሳጥናኤል፣ ጋኔን የምንለውስ አንዱን ነው ወይስ ይለያያሉ? ጎረቤቴ ሸይጣን፣ ኢብሊስ ይላል፤ ከእኛ ቃል ጋር ዝምድና አለው?

መልስ፦ መምህሩ ልክ ናቸው፤ ግን የነገሩን ግማሽ ነው የነገሯችሁ። ሌላው ግማሽ ያለው «ዲያብሎስ» በሚለው ቃል ውስጥ ስለሆነ ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት ይሻላል።

በዕብራይስጥ «ሳጣን» መጀመሪያ የማንም የግል ስም አልነበረም። የሚቃወም፣ የሚቋቋም፣ በሙግት ፊት ለፊት የሚቆም ማለት ነው። ዘኁልቍ 22 ላይ በለዓም በአህያው ሲሄድ መንገድ የዘጋበት የእግዚአብሔር መልአክ ነው፤ ዕብራይስጡ ግን «ሳጣን ሆኖ ቆመበት» ይላል። የሰሎሞን ጠላት ኤዶማዊው ሃዳድም በዚሁ ቃል ተጠርቷል። የአማርኛው ተርጓሚዎች በሁለቱም ቦታ «ሰይጣን» ብለው አልጻፉም፤ ደግ አደረጉ። ቢጽፉ ኖሮ አንባቢው ቅዱሱን መልአክ ሰይጣን ብሎ ያነብ ነበር። አማርኛ ሰይጣንን የተቀበለው ስም ከሆነ በኋላ እንጂ ተራ ቃል ሳለ አይደለም።

ለእርስዎ ሙያ የሚቀርበው መጽሐፈ ኢዮብ ነው። እዚያ ዕብራይስጡ በቃሉ ላይ ምልክት ጨምሮ «ሃሳጣን» ይላል፤ በእኛ «ከሳሹ» እንደማለት ነው። የሹመት ስም ይመስላል። ከእግዚአብሔር ልጆች ጋር ይቀርባል፣ ከየት መጣህ ሲባል ምድርን ዞሬ መጣሁ ብሎ ይመልሳል፣ ስለ ኢዮብ ሲጠየቅም የሚናገረው አለው። ትንቢተ ዘካርያስ ምዕራፍ 3 ላይ ደግሞ ነገሩ ፍጹም ችሎት ነው፤ ሊቀ ካህኑ ኢያሱ ባደፈ ልብስ ቆሟል፣ ከሳሹ በቀኙ ቆሟል፣ ዳኛው ግን ይገሥጸዋል። እስከዚህ ድረስ የእርስዎ ጥያቄ በቦታው ነው፤ ችሎት ቆሞ መክሰስ ብቻውን ክፋት አይደለም።

ክሱን ግን ይመልከቱት። «በውኑ ኢዮብ እግዚአብሔርን የሚፈራ በከንቱ ነውን?» ነው ያለው። ኢዮብ ሰረቀ አላለም፣ ገደለ አላለም፤ ምስክርም ማስረጃም አላቀረበም። የሰውየውን ልብ ነው የከሰሰው፤ ደግነቱ ለጥቅም ነው አለ። እንዲህ ያለ ክስ መዝገብ ቤት ቢመጣ እርስዎ ራስዎ ምን ብለው እንደሚከፍቱት አላውቅም። በደል አልተፈጸመበትም፣ የተበደለም ወገን የለም፤ ግን ኢዮብ በዚሁ የተነሣ ልጆቹን ቀበረ። በደሴ ቋንቋ «ነገር መሥራት» የምንለው ይህንኑ ነው።

የግሪኩ ቃል የመጣው ይህን ጉድለት ሊሞላ ይመስላል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት እስክንድርያ ላይ የብሉይ መጻሕፍትን ወደ ግሪክ መመለስ ሲጀመር፣ ኋላም ሥራው ሲቀጥል፣ ተርጓሚዎቹ ለኢዮብ «ሳጣን» የመረጡት «ዲያቦሎስ» የሚለውን ነው። ሥሩ «አሻግሮ መወርወር» ነው፤ ከዚያ «ስም ማጥፋት፣ በሐሰት መወንጀል» ሆነ። እኛም «ነገር ወርውሮ ሄደ» እንላለን። የግሪኩ ቃል ለሰውም ይነገር ነበር፤ 1ኛ ጢሞቴዎስ 3፥11 ላይ ጳውሎስ ስለ ሴቶች ሲጽፍ «የማያሙ» ይሁኑ የሚለው፣ ግሪኩ ቃል በቃል «ዲያብሎሶች ያልሆኑ» ነው። ተርጓሚዎቻችን ይህንንም በጥሩ አማርኛ አለፉት።

እንግዲህ ከዕብራይስጡ ወደ ግሪኩ ሲሻገር «ከሳሽ» የነበረው «ሐሰተኛ ከሳሽ» ሆኗል። አዲስ ኪዳንም ክፋቱን የሚያስረዳው በዚሁ መንገድ ነው። ዮሐንስ 8፥44 «ሐሰተኛ የሐሰትም አባት» ይለዋል፤ በዚያው ቁጥር ነፍሰ ገዳይም ይለዋል፤ ሐሰቱና ግድያው የተነጣጠሉ አይደሉምና። ራእይ 12 ላይ ሲጣል የሚሰማው ድምፅ «የወንድሞቻችን ከሳሽ» ተጣለ የሚል ነው፤ ቀንና ሌሊት ይከስሳቸው የነበረው። ጴጥሮስ በመጀመሪያ መልእክቱ «ባላጋራችሁ ዲያብሎስ እንደሚያገሣ አንበሳ» ይላል። «ባላጋራ» የምትለዋን ልብ ይበሉ። ዛሬ ጠላት ማለት ብቻ ሆና ቀርታለች፤ ድሮ ግን የችሎት ቃል ነበረች፣ የሙግት ተቃራኒ ወገን ማለት ነው። ማቴዎስ 5፥25 ላይ «ከባላጋራህ ጋር ፈጥነህ ተስማማ» የሚለውም እርሱ ነው። ግሪኩም በሁለቱ ቦታ የተጠቀመው አንድ ቃል ነው፤ የአማርኛው ተርጓሚዎች ያንን ጠብቀውታል። ሰዎች የ1954ቱን ትርጉም አሮጌ አማርኛ ነው ብለው ሲያጣጥሉት ይህን የመሰለውን ሳያዩ ነው።

ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄ አጭሩ መልስ ይህ ነው፦ ክፉ የተባለው በመክሰሱ አይደለም፤ በሐሰት ስለሚከስ፣ አሳስቶ ካስበደለ በኋላ ያንኑ የበደለውን ሰው ስለሚከስ ነው። ዘፍጥረት 3 ላይ «አትሞቱም» ብሎ ያበላ ነው፤ እርግጥ ዘፍጥረት እባብ ይላል እንጂ ሰይጣን አይልም፤ ሁለቱን አንድ አድርጎ «የቀደመው እባብ» የሚለው ራእይ ነው። የእርስዎ ከሳሾች ከዚህ ነጻ ናቸው፤ ቢያንስ አብዛኞቹ።

«ሳጥናኤል» ግን ከሌላ በር ነው የሚገባው። ይህ ስም በብዙዎቻችን እጅ ባለው መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የለም፤ የቤተ ክርስቲያኗ የሥነ ፍጥረት ትምህርት ነው የሚጠራው። እንደ ሚካኤልና ገብርኤል በ«ኤል» የሚያልቅ የመልአክ ስም ነው፤ ስሙ ራሱ ከመውደቁ በፊት ምን እንደነበር ይናገራል። ትረካው እንዲህ ነው፦ መላእክት ተፈጥረው ፈጣሪያቸው ሲሰወርባቸው «ማን ፈጠረን?» ብለው ተጨነቁ፤ ከሁሉ በላይ የነበረው ሳጥናኤል ቀና ብሎ ቢያይ ማንንም አጣ፤ «እኔ ፈጠርኋችሁ» አለ። ያን ጊዜ ገብርኤል «ንቁም በበህላዌነ እስከ ንረክቦ ለአምላክነ» አለ፤ አምላካችንን እስክናገኘው በያለንበት ጸንተን እንቁም። ልጅ ሆነን ታኅሣሥ 19 ስንት ጊዜ ሰምተነዋል። እዚህም ቢሆን የመጀመሪያው ኃጢአት የተሠራው በአፍ ነው፤ የሌላውን ሥራ የራስ ብሎ መናገር። የሃይማኖቱ ሊቃውንት ክፉ ሆኖ አልተፈጠረም፣ ክፋቱ የፈቃዱ እንጂ የተፈጥሮው አይደለም የሚሉት ለዚህ ነው። ክፉ ሆኖ ተፈጥሮ ቢሆንማ ጥፋቱ የፈጣሪው በሆነ ነበር።

አሁን አሁን ወጣቶች «ሉሲፈር» ይላሉ። ቃሉ የላቲን ነው፤ ኢሳይያስ 14፥12 ላይ የባቢሎን ንጉሥ «አጥቢያ ኮከብ» የተባለበትን ቦታ ላቲኑ የተረጎመበት ነው፣ ኋላ አባቶች ለሰይጣን ውድቀት ስላነበቡት ስም ሆነ። ወደ እኛ የመጣው በፊልምና በእንግሊዝኛ ነው። ሳጥናኤል እያለን ለምን እንደሚያስፈልግ አልገባኝም።

ወደ ጎረቤትዎ ልምጣ። «ሸይጣን»ና «ሰይጣን» የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ ዐረብኛና ግእዝ በሴማዊነት የሚጋሩት ቃል ነው። «ኢብሊስ» ግን የግል ስም ነው። ሸይጣን የወገን ስም ሊሆን ይችላል፣ ብዙ ሸይጣኖች አሉ፤ ኢብሊስ አንድ ነው። በእኛ በኩል ሰይጣንና ሳጥናኤል እንዳላቸው ዓይነት ልዩነት ነው። የቁርኣን ታሪክም የኩራት ታሪክ ነው፦ መላእክት ለአደም ስገዱ ሲባሉ ኢብሊስ እምቢ አለ፤ እኔ ከእሳት፣ እርሱ ከጭቃ፣ እበልጠዋለሁ ብሎ። ሱረቱል ከህፍ ደግሞ ከጂን ወገን እንደነበር ይናገራል፤ ክርስትናው ግን መልአክ ነበር ይላል። ደሴ ላይ ሁለቱ ቤት አንድ ግድግዳ ተጋርቶ ስለሚኖር ይህን ልዩነት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከቡና ላይ ጨዋታ የሚያውቅ ብዙ ሰው አለ።

በዕለት ተዕለት ንግግር ግን ስሞቹ አይቀያየሩም። ይሞክሩት። «ሰይጣኑ ተነሳበት» ያስኬዳል፤ «ዲያብሎሱ ተነሳበት» አይባልም። ለሚረብሽ ሕፃን «አንተ ሰይጣን!» ሲባል ግማሹ ፍቅር ነው፤ «አንተ ዲያብሎስ!» ቢባል እናቱ ትቀየማለች። ዲያብሎስ ከቤተ መቅደስና ከስብከት አልወጣም። ሰይጣን ግን ገበያ ወርዶ፣ ቤት ገብቶ፣ ጠባይ ሆኖ ኖሯል፤ አዲስ አበባ የመጀመሪያውን ሲኒማ «ሰይጣን ቤት» ያለችው በዚሁ ቃል ነው።

ሽምግልና ላይ ደግሞ የቃሉ አገባብ ይበልጥ ይለያል። ሁለት ወንድማማቾች በቦታ ተጣልተው ሽማግሌ ፊት ቢቀርቡ፣ አንድ ካህን፣ አንድ ሼህ፣ ሁለት ጎረቤት ተቀምጠው ሲሰሙ፣ ሽማግሌው «አንተ ክፉ ነህ» አይልም። «ሰይጣን በመካከላችሁ ገብቶ ነው» ይላል። ሲያበቃ «በሉ ተነሡ፣ ተሳሳሙ፣ ሰይጣን ይፈር!» ይባላል። የመጀመሪያውን አረፍተ ነገር ሰዋስዋዊ አድርገው ያንብቡት፤ ባለቤቱ ሰይጣን ነው፣ ሁለቱ ተጣይዎች መስተዋድድ ውስጥ ገብተዋል። ጥፋቱ ሦስተኛ ወገን ላይ ይወድቅና ሁለቱም ሳይሸነፉ ይታረቃሉ። «ሰይጣን አሳሳተኝ» ብሎ የሚያመካኝ ጥፋተኛም ይህንኑ አገባብ ነው የሚጠቀመው፤ ለዚህኛው ግን ሽማግሌ ቶሎ አይሸነፍለትም።

«ጋኔን» ከሁሉ ይለያል። የወደቀው አለቃ ሳይሆን ጭፍራው ነው፤ ብዙ ነው፣ ሰው ላይ ያድራል፣ ይወጣል። ግሡን ይመልከቱ፦ ሰይጣን ያሳስታል፣ ይፈትናል፤ ጋኔን ይይዛል፣ ይወጣል፤ ዛር ደግሞ ይለመናል፣ ይታረቃል። ማንም ዛርን በጠበል «ውጣ» ከማለቱ በፊት ምን ፈለግህ ብሎ መጠየቁ በወሎ የታወቀ ነው። ስለዚህ ሦስቱን አንድ አድርጎ መጻፍ ስሕተት ነው። የጋኔን ብዙ ቁጥር «አጋንንት» ነው፤ በቃ። «አጋንንቶች» ማለት «ካህናቶች»፣ «መላእክቶች» እንደማለት ድርብ ብዙ ነው፤ በመዝገብ ላይ «ዳኞችዎች» ብለው እንደማይጽፉ ሁሉ ይህንንም አይጻፉት። ሰይጣንም ብዙ ቁጥር አለው፤ ሙሉው ቅጂ በግእዝ ብቻ የተረፈው መጽሐፈ ሄኖክ ምዕራፍ 40 ላይ የምድር ነዋሪዎችን ለመክሰስ ወደ ጌታ ፊት እንዳይቀርቡ የሚከለከሉ «ሰይጣናት» አሉ። ሥራቸው እዚያም ክስ ነው፤ ችሎቱ ግን አላስገባቸውም።

«ከክፉ አድነን» ስንል ክፉውን ነገር ነው ወይስ ክፉውን እርሱን? ይህን አልጠየቁኝም፤ ግን የሚቀጥለው ጥያቄ ይኸው ስለሚሆን ልመልሰው። የማቴዎስ 6 ግሪክ ሁለቱንም ያስኬዳል። ግእዙ «እምኵሉ እኩይ» ብሎ፣ ከክፉ ነገር ሁሉ ብሎ ወሰነው። በአማርኛ «ከክፉ ሁሉ» የሚሉ ግእዙን ተከትለዋል፤ «ከክፉ» ብቻ የሚሉ የግሪኩን ሁለት ፊት እንዳለ ትተውታል። እኔ «ሁሉ» ያለበትን እመርጣለሁ፤ እርሱንም ይጨምራልና።

አጻጻፉን በተመለከተ፦ «ዲያቢሎስ» እየተባለ የሚጻፈው «ባቢሎን» ጆሮ ላይ ስለቀረ ይመስለኛል። የግእዙም የቆየው የአማርኛም አጻጻፍ «ዲያብሎስ» ነው፣ ብ ሳድስ ሆና። «ርኩስ መንፈስ» ሲጽፉም «እርኩስ» አይበሉ፤ እ ያመጣው አፋችን ነው።