ኢላማ ተኩስ ለምትወዱ የድሬ ልጆች

በፓሪሱ ኦሎምፒክ አንድ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ ተራ መነጽር አድርጎ ብር ሜዳሊያ የወሰደውን ቱርካዊ ሁላችሁም አይታችሁታል። ዩሱፍ ዲኬች። ፎቶው በየስልኩ ከዞረ ወዲህ ከዚራ ሰፈር ላይ የሚያገኘኝ ልጅ ሁሉ «ጋሼ፣ ጀርመን እያለህ ትተኩስ ነበር አሉ፤ እኛም መጀመር እንፈልጋለን አቦ፣ ከየት እንጀምር?» ይለኛል። ጥያቄው ደስ ይለኛል። ግን መንገድ ዳር ቆሞ የሚያልቅ ወሬ ስላልሆነ እዚህ ልጻፈው።

መጀመሪያ ስለ ዲኬች። ብዙዎቻችሁ «ዝም ብሎ ከቤቱ ወጥቶ፣ ተኩሶ፣ ሜዳሊያ ወስዶ ሄደ» ብላችሁ ታወራላችሁ። አይደለም። ሰውየው ያን ጊዜ 51 ዓመቱ ነበር፤ ፓሪስ አምስተኛ ኦሎምፒኩ ነበር፤ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2008 ቤጂንግ ላይ ነው። እጅ ኪስ ውስጥ መክተቱም ብዙ የሽጉጥ ተኳሾች የሚያደርጉት ነው፤ ነጻው ክንድ ከተወዛወዘ ሰውነት አብሮ ይወዛወዛል። ሌላው ደግሞ፣ ሜዳሊያው የብቻው አልነበረም። ሼቫል ኢላይዳ ታርሃን ከምትባል ተኳሽ ጋር በድብልቅ ቡድን ነው ያገኙት። እሷን ማን ያስታውሳል? ፎቶው ላይ የለችማ። እኔ ግን ዛሬ የምነግራችሁ ስለዚያ ፎቶው ላይ ስላልገባው ነገር ነው።

ሥራዬ መነጽር ነው። ዓይን መለካት፣ ሌንስ መቁረጥ። ጀርመን ውስጥ ረጅም ዘመን በዚሁ ሙያ ኖሬ፣ ጡረታ ስወጣ ድሬ ገባሁ። እዚያ በምኖርበት ትንሽ ከተማ የተኩስ ማህበር አባል ነበርኩ። አንድ ደንበኛዬ ነው የወሰደኝ። ጠመንጃ አምሮኝ አይደለም የሄድኩት፤ በዚያ ከተማ ማንንም አላውቅም ነበር፣ ክረምቱ ረጅም ነው፣ ሰው ፈልጌ ነው።

የጀርመን ተኩስ ማህበር እኛ እንደምናስበው የጦረኛ ስብስብ አይደለም። ዳቦ ጋጋሪው አለ፣ ፖስታ አዳዩ አለ፣ ጡረታ የወጣች አስተማሪ አለች። የአገሪቱ የተኩስ ማህበራት ኅብረት የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1861 ጎታ በምትባል ከተማ ነው፤ ዛሬ ከ1.3 ሚሊዮን በላይ አባል አለው። አንዳንዱ ማህበር ግን ከዚያ በብዙ መቶ ዓመት ይቀድማል። ከተሞቹ ግንብ በነበራቸው ዘመን ቅጥሩን የሚጠብቁት ነዋሪዎቹ ራሳቸው ነበሩ፤ ተራ ገብተው ይጠብቁ ነበር፣ በዓመት አንዴ ደግሞ ማን አነጣጥሮ እንደሚመታ ይወዳደሩ ነበር። ሐረር ሄዶ የጀጎልን በሮች ላየ የድሬ ልጅ ይህን ማስረዳት አያስፈልገኝም። ግንቡ ፈረሰ፣ ዘቡ ቀረ፣ ማህበሩ ግን ቀጠለ። በዓመት አንዴ ከእንጨት የተሠራ ወፍ ከፍ አድርገው ይሰቅላሉ፤ የመጨረሻዋን ስባሪ የጣለ የዓመቱ ንጉሥ ይባላል፤ ከተማው በሙሉ ወጥቶ ይበላል፣ ይጠጣል።

እኔ ከአፎቻ ነው ያመሳሰልኩት። ሐረሪዎቹ ጎረቤቶቻችን በሠርግም በሐዘንም የማይለያዩበትን አፎቻ ታውቃላችሁ፤ እኛ እድር እንደምንለው። በተኩስ ማህበሩም መዋጮ አለ፣ ቃለ ጉባኤ አለ፣ የቀረ ይጠየቃል። አባል ሲሞት ማህበሩ ይቀብራል። በዓመት የተወሰነ ሰዓት ጉልበትህን ትሰጣለህ፤ አጥር ትቀባለህ፣ ሳር ታጭዳለህ፣ ሳህን ታጥባለህ። ካልሠራህ በገንዘብ ትከፍላለህ። የከተማው ሐኪም ከእኔ ጋር ሆኖ መጸዳጃ ቤት ሲያጥብ አይቻለሁ፣ ማንም አልገረመውም።

አሁን ወደ ጠመንጃው። አዲስ ገብተህ ጠመንጃ አይሰጡህም። ቁጭ ብለህ ታያለህ። ከዚያ የማህበሩን የአየር ጠመንጃ ያውሱሃል፣ አንድ ሰው አጠገብህ ይቆማል። በባሩድ የሚተኩስ የራሴን መሣሪያ ልግዛ ካልክ ሕጉ ቢያንስ የ12 ወር አባልነት ይጠይቃል፤ በየጊዜው እየመጣህ መተኮስህ በመዝገብ መታየት አለበት፣ ፈተና አለ፣ መንግሥት ጠባይህን ያጣራል፣ ቤትህ ውስጥ የብረት ካዝና መኖር አለበት። ያ ሁሉ ጊዜ ለምን? ሰዎቹ እንዲያዩህ ነው። ስትሸነፍ ምን ትሆናለህ? ሰው ሲያርምህ ትቆጣለህ? ቢራ ቀምሰህ ወደ መተኮሻው ትጠጋለህ? ወረቀት የማይመልሰውን ጥያቄ አብሮህ የሚያመሽ ሰው ይመልሰዋል።

መተኮሻው ውስጥ የአንድ ሰው ቃል ብቻ ነው የሚሠራው፤ የተረኛው ኃላፊ። ሐኪምም ሁን ዳኛ፣ እሱ «ተኩስ አቁም» ካለ ሁሉም ያቆማል፤ ጥይቱን ያወጣል፣ መሣሪያውን ያስቀምጣል፣ ወደ ኋላ ይላል። ሰው ኢላማ ለመቀየር ወደ ፊት ከሄደ ማንም መሣሪያ አይነካም፣ ባዶ ቢሆንም። አፈሙዝ ሁልጊዜ ወደ ኢላማው ነው። ጣት ለመተኮስ እስክትወስን ድረስ ከቃታው ውጭ ነው። አደጋ ያየ ደግሞ የ12 ዓመት ልጅም ቢሆን «አቁም!» ብሎ መጮህ ይችላል፤ ሽማግሌው ሁሉ ይታዘዘዋል። ይህን በጣም ነው የምወደው። እኛ ጋ ልጅ ትልቅ ሰውን ማረም አይችልም፤ እዚያ ግን በዚህ ጉዳይ ግዴታው ነው።

ማህበር ሁሉን ያድናል እያልኩ አይደለም፤ እውነቱን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2002 ኤርፉርት በምትባል የጀርመን ከተማ አንድ የ19 ዓመት ወጣት ቀድሞ ይማርበት በነበረ ትምህርት ቤት ገብቶ 16 ሰው ገደለ። የተኩስ ማህበር አባል ነበር። በ2009 ደግሞ ቪነንደን ላይ አንድ የ17 ዓመት ልጅ 15 ሰው ገደለ፤ ሽጉጡ የአባቱ ነበር። አባትየው ሌሎቹን መሣሪያዎች ካዝና ውስጥ ቆልፎ ያቺን አንዷን መኝታ ቤት ነበር ያስቀመጣት። ከሁለቱ ጥቃቶች በኋላ ሕጉ ጠበቀ፤ መሣሪያ ለመያዝ የሚፈቀደው ዕድሜ ከፍ አለ፣ ወጣቶች የሥነ ልቦና ምርመራ ተጨመረባቸው፣ ካዝናውን ሳይነግሩ መጥተው የሚያዩ ተቆጣጣሪዎች መጡ። አንዳንድ አባላት አጉረመረሙ። እኔ አላጉረመረምኩም። የ15 ሰው ሬሳ አጠገብ የእኔ መመቸት ምን ዋጋ አለው? ቁልፍ ያልዞረበት አንድ መሳቢያ የሺህ ጠንቃቃ ሰው ድካም ያፈርሳል።

ይህን ስጽፍ አገራችንን እያሰብኩ ነው። እኛ ጋ ጠመንጃ የወንድነት ምልክት ሆኖ ኖሯል፤ በፉከራው በቀረርቶው ውስጥ አለ። ባህሉን አልሳደብም፣ አያቶቻችን አገር ያቆዩበት ነው። በሠርግ ደስ አለን ብሎ ወደ ሰማይ የሚተኩሰውን ግን አልታገሰውም። ወደ ላይ የሄደች ጥይት ትወርዳለች፤ አዘንብላ ከተተኮሰች ደግሞ ስትወርድም ሰው የምትገድልበት ጉልበት አላት። ከሙሽራው ቤት ሦስት መንደር አልፋ ልጅ ላይ ብታርፍ ተኳሹ እንኳ አያውቅም። ጓደኛችሁ ይህን ሲያደርግ ካያችሁ ዋሪያ፣ አታጨብጭቡለት።

ስለ ሕጉም ልንገራችሁ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፤ ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ ወንጀል ነው። የአየር ጠመንጃ «አሻንጉሊት ናት» ብሎ የሚሸጥላችሁ ነጋዴ ካለ አትስሙት፤ ከመግዛታችሁ በፊት ፖሊስ ጣቢያ ሄዳችሁ ጠይቁ። ጣራ ላይ ወጥቶ እርግብ መምታትም ስፖርት አይደለም።

እሺ፣ ስፖርቱ ራሱ ምንድን ነው? ይህችን ሳወራ አልጠግብም። የ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ ውድድር ላይ የምትተኩሰው 4.5 ሚሊሜትር የሆነች የእርሳስ ጥይት ነው። የኢላማው መሐል፣ አሥር የሚባለው፣ ስፋቱ ግማሽ ሚሊሜትር ነው። ነጥብ ናት፣ በቃ። 60 ጊዜ ትተኩሳለህ፣ ያለህ ጊዜ አንድ ሰዓት ከሩብ ነው። ልብህ ሲመታ አፈሙዙ ይንቀሳቀሳል፤ ስትተነፍስ ይንቀሳቀሳል፤ ሰው ሰድቦህ ከመጣህ ደግሞ እስከ ማታ ይንቀሳቀሳል።

በሙያዬ የማውቀውን ልጨምር። ሽጉጥ ስታነጣጥር ሦስት ነገር አለ፤ ወደ አንተ የቀረበው ማነጣጠሪያ፣ አፈሙዙ ላይ ያለው ማነጣጠሪያ፣ እና ኢላማው። ዓይን ሦስቱን በአንድ ጊዜ አጥርቶ ማየት አይችልም። የዓይናችን ሌንስ በአንድ ጊዜ ለአንድ ርቀት ብቻ ነው የሚስተካከለው። ጀማሪ ሁሉ ኢላማውን ያጠራል፤ የሚፈልገው እሱን ነዋ። ትክክሉ ግን አፈሙዙ ላይ ያለውን ማጥራት ነው። ኢላማው ይደብዝዝ፣ ተወው። እዚያ ጋ ትንሽ ካጋደልክ ኢላማው ላይ ሲደርስ ስህተቱ ብዙ ነው፤ የደበዘዘ ኢላማ መሐል መገመት ግን ዓይን ይችልበታል። ለደንበኞቼ መነጽር ስሠራ የተኳሹን ለብቻው እለካው የነበረው ለዚህ ነው፤ የማንበቢያ መነጽር ለዚያ ርቀት አይሆንም።

ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ መተኮስ ሳይሆን ጠመንጃውን ማውረድ ነው። አነሳህ፣ አነጣጠርክ፣ ጥቂት ሰከንድ አለፈ፣ ልክ አልመጣም። ትንፋሽ ያጥርሃል፣ ዓይን ይደክማል፣ ጣት «ልጨርሰው» ይላል። ያኔ አውርድ። ተንፍስ። እንደገና ጀምር። ሰው እያየህ ማውረድ ያሳፍራል፤ የተሸነፍክ ይመስልሃል። ግን ጥሩ ተኳሽ የሚለየው እዚያ ላይ ነው፤ እኔ ከተኩስ ውጭም በትዳርም በሥራም የተጠቀምኩበት ይህንኑ ነው። የተቆጣችሁበትን መልእክት ከመላካችሁ በፊት ስልኩን አስቀምጡት ስላችሁ ከዚህ የመጣ ነው።

ማቲው ኤመንስ የሚባል አሜሪካዊ ነበር። አቴንስ፣ 2004። በ50 ሜትር ጠመንጃ እየመራ የመጨረሻዋን ተኩስ ብቻ ቀረችው፤ ወርቁ እጁ ላይ ነበር። ተኮሰ። ቦርዱ ላይ ምንም የለም። ለካ የጎረቤቱን ኢላማ ነው የመታው! ዜሮ ተሰጠው፣ ስምንተኛ ወጣ። ማታ ላይ አንዲት ቼካዊት ተኳሽ፣ ካተርዚና ኩርኮቫ፣ ልታጽናናው መጣች። ከሌላ አገር፣ ከሌላ ቡድን። ከሦስት ዓመት በኋላ ተጋቡ። በቤጂንግ ኦሎምፒክ ከሁሉም ቀድሞ የተሰጠውን የመጀመሪያ ወርቅ ያገኘችው እሷ ነበረች፤ እሱ ደግሞ በዚያው ዓይነት ውድድር እዚያም በመጨረሻዋ ተኩስ ሜዳሊያ አመለጠው፣ ለንደን 2012 ላይ ተመልሶ ነሐስ ወሰደ። ልጆች፣ በዕድሜያችሁ የጎረቤት ኢላማ መምታታችሁ አይቀርም። ያን ማታ መጥቶ አጠገባችሁ የሚቀመጥ ሰው ከየት ታመጣላችሁ? ገንዘብ አይገዛውም። ብዙ ጊዜ አብሮ የቆመ ሰው ነው የሚመጣው።

ለዚህ ነው ጠመንጃ ሳይሆን ማህበር ፈልጉ የምላችሁ። ድሬ ላይ ከቀትር በኋላ ሙቀቱ ሰውን ይጥላል፣ ከተማው ይተኛል ወይም በርጫ ይቀመጣል። እኔ በርጫ ላይ ስብከት አልጀምርም። ግን እዚያ የተቀመጠ ወጣት ብዙ ሐሳብ ሲያወራ እሰማለሁ፣ ማታ ላይ ሐሳቡ አብሮ ይበናል፤ ነገ «የት ደረሰ?» ብሎ የሚጠይቀው የለም። ማህበር ይጠይቃል። ማክሰኞ አልመጣህም፣ ምን ሆነህ ነው ይልሃል። መጀመሪያ ያናድዳል። በኋላ ግን ያ ጥያቄ የማይመጣበት ሕይወት ያስፈራሃል።

እዚያ ማህበር ውስጥ በጣም ያረጁ ሰዎች ጠመንጃውን መደገፊያ ላይ አስቀምጠው ይተኩሳሉ፤ ለዕድሜ የገፉት የተፈቀደ የራሱ ውድድር አለው። ክንድ ሲደክም ማህበሩ ውጣ አይልህም፣ መደገፊያ ያመጣልሃል። እናንተም የምታቋቁሙት ነገር ትልቅ ሰው የሚቀመጥበት ቦታ ይኑረው።

እና ከየት ትጀምሩ? ጠመንጃ ከሌለ በእግር ኳስም በቼዝም በሩጫም ይሆናል፤ ደንቡ ግን ከላይ የነገርኳችሁ ይሁን። ጥቂት ሆናችሁ ተሰብሰቡ። ቁልፍ የሚይዝ፣ ገንዘብ የሚይዝ፣ መዝገብ የሚይዝ ለየብቻ ምረጡ፤ ሦስቱን አንድ ሰው አይያዝ። ሴቶች ልጆችን ከመጀመሪያው ጥሩ፤ በኋላ ለማስገባት ይከብዳል። ተኩሱን የምር ከፈለጋችሁ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ወደ ስፖርት ቢሮውና ወደ ፖሊስ ሂዱ፣ ምን እንደሚፈቀድ በጽሑፍ ጠይቁ፣ በቃል የተነገራችሁን ይዛችሁ እንዳትንቀሳቀሱ። መልሱ ሊዘገይ ይችላል። እስኪመጣ በባዶ እጅ አቋቋምና ትንፋሽ መለማመድ ይቻላል፤ ትልልቆቹ ተኳሾችም ያለ ጥይት ብዙ ይለማመዳሉ። ይህንን እኔ አሳያችኋለሁ። ቅዳሜ ከአሥር ሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ ሲበርድ፣ ቤት ነኝ። የዓይናችሁንም ምርመራ በነጻ አያለሁ፤ መነጽር ያለው ይዞት ይምጣ።