ትንንሹን ድንች ለዘር ላስቀር?

ጥያቄ፦ በጓሮዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ድንች ልተክል ነው። ለምግብ ከገዛሁት የተረፉት ትንንሾቹ ጨለማ ውስጥ ቆይተው ረጅም ነጭ ጉንቁል አውጥተዋል። እነሱን ልትከል ወይስ ትልልቅ ገዝቼ ልቁረጥ?

መልስ፦ ድንቹ መጎንቆሉ ከእንቅልፉ መንቃቱን እንጂ ጤንነቱን አይነግርዎትም። እኔም ለብዙ ዓመታት ትልልቁን ለምግብ፣ ትንንሹን ለዘር እያልኩ ስለይ ኖሬአለሁ። ምርቱ ከዓመት ዓመት ሲያንስብኝ አፈሩ የደከመ መስሎኝ ፍግ በፍግ ላይ እጨምር ነበር። ለካ ቫይረስ የያዘው ተክል ቀጭጮ ብዙ ጊዜ ትንንሽ ድንች ነው የሚያፈራው! በሽታው ልጡ ላይ አይታይም፤ ትንሹን ባስቀረሁ ቁጥር ሳላውቅ እሱን እያራባሁ ነበር።

አሁን ዘሬን የምመርጠው ተክሉ በቁሙ ሳለ ነው። ሲያብብ በየመደቡ እዞራለሁ፤ ቅጠሉ ያልተጠቀለለና ያልተዥጎረጎረ፣ አገዳው የጠነከረ ሳገኝ አጠገቡ ችካል እተክላለሁ። ሲቆፈር የእነዚያን ለብቻ አውጥቼ የዶሮ እንቁላል የሚያህለውን ለዘር አስቀምጣለሁ። እርስዎ ግን ገና የሚመርጡበት ተክል ስለሌለዎት ለመጀመሪያው ዙር ተመርምሮ ለዘር የተዘጋጀ ድንች ይፈልጉ።

እሱንም ቢሆን ሁለት ሦስቱን ሰንጥቀው ይዩ። ከልጡ ገባ ብሎ ያለው ቀለበት ቡናማ ከሆነ፣ ሲጫኑትም ወተት የመሰለ ፈሳሽ ካወጣ፣ የአጠውልግ በሽታ ምልክት ነውና ያን ዘር ከነጭራሹ ወደ ጓሮዎ አያስገቡ። በሽታውን የሚያመጣው ባክቴሪያ አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል፤ ቲማቲምና በርበሬንም አይምርም።

ነጭና ረጅም ጉንቁል የብርሃን እጦት ነው፤ ሲነካ ይሰበራል። ዘሩን ብርሃን ገብቶት ቀጥታ ፀሐይ በማይመታው ቦታ ሳይደራረብ ያሰጡት። ጉንቁሉ አጭር፣ ወፍራምና አረንጓዴ ሆኖ 1 ወይም 2 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ይተክሉታል። አናቱ ላይ አንድ ጉንቁል ብቻ ካወጣ ቀንጥሱት፤ የቀሩት ዓይኖች፣ ማለትም ጉንቁል የሚወጣባቸው ጎድጎድ ያሉ ቦታዎች፣ ይነቃሉ። ልጡ አረንጓዴ መሆኑ ዘርነቱን አይጎዳውም፤ እንዲህ ያለውን ግን እንዳይበሉት።

መቁረጡን አልወደውም፤ ቢላዋው በሽታን ከአንዱ ወደ ሌላው ያደርሳል። የግድ ከሆነብዎት በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ቢያንስ 2 ዓይን ይተዉ፣ ስለቱን በየድንቹ ያጽዱ፣ ቁስሉም እስኪደርቅ 2 ወይም 3 ቀን ጥላ ውስጥ ያቆዩት።