መልስ፦ ሆቴሉ ስንደርስ ተጨማሪ ገንዘብ እንድንከፍል ስለ መጠየቁ

ማጭበርበር አይደለም እህቴ። ከደሴ ሆነሽ የክፍሉን ዋጋ በኢንተርኔት ከከፈልሽ በኋላ የላስ ቬጋሱ ሆቴል «ስትደርሺ ትጨምሪያለሽ» ያለሽ ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ነው።

1. የሪዞርት ክፍያ። ለዋይፋይ፣ ለመዋኛና ለስፖርት ክፍል ተብሎ በየሌሊቱ ይታሰባል። ባትዋኚም ትከፍያለሽ፤ አይመለስም።

2. መያዣ። ካርድሽ ላይ የሚታገድ ገንዘብ ነው። ከሆቴሉ ስትወጪ ይለቀቃል፤ ዴቢት ካርድ ከሆነ ግን ተመልሶ እስኪገባ ቀናት ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ የምግብና የታክሲ ገንዘብሽ በዚያው ካርድ ላይ አይሁን። የያዝሽው ጥሬ ገንዘብ ብቻ ከሆነ ይቀበሉ እንደሆነ ሳትነሺ ደውለሽ ጠይቂ።

አብሮሽ የሚሄደው ወንድምሽ 19 ዓመቱ ነው ብለሻል። ቁማር ማሽን ላይ እንዳይቀመጥ፤ ሕጉ የሚፈቅደው ከ21 ዓመት ጀምሮ ነው። በቁማር አዳራሹ በኩል አልፎ ወደ ክፍሉ መሄድ ግን ይችላል።

አደራ የምልሽ ነገር፦ ክፍሉ ውስጥ ያለውን ትንሽ ማቀዝቀዣ አትንኪ። እኔ አንዲት ጠርሙስ ውሃ አንስቼ፣ ዋጋዋን አይቼ ወደ ቦታዋ መለስኳት። ለካ ከሥሯ ዕቃ መነሳቱን የሚመዘግብ መሣሪያ ነበር፤ ስወጣ እንደ ጠጣኋት ተቆጥሮ ሂሳቤ ላይ አገኘሁት። ተከራክሬ አሰረዝኩት፤ አውሮፕላኑ ግን ለጥቂት ነው ያላመለጠኝ። ውሃ ከውጭ ሱቅ ገዝተሽ ሁልጊዜ ያዢ። በሐምሌ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ የደሴው የጦሳ ተራራ ንፋስ ላሳደገው ሰው ከባድ ነው።