ድራይ ፊልም በሌዘር መሳል፦ ስለ ሌንሱና መስታወቱ ጥያቄና መልስ

ጉዳያችን ከአሮጌ ሌዘር ፕሪንተር በወጣ ባለ6 ገጽ ተሽከርካሪ መስታወትና በ405 ናኖሜትር ሌዘር ድራይ ፊልም (ቦርዱ ላይ የሚለጠፍ፣ ብርሃን ሲያርፍበት የሚጠነክር ፊልም) ላይ እየሳሉ ሰርኪት ቦርድ መሥራት ነው። ጠይቁ።

ጥ፦ የፕሪንተሩን ረጅም ሌንስ እንዳለ ልጠቀም?

መ፦ ተጠቀም፤ ርቀቱን ግን አትመን። ሌንሱ የተሰላው ለ780 ናኖሜትር ግድም ነው። 405 ይበልጥ ስለሚታጠፍ ጨረሩ የሚሰበሰበው ወደ ሌንሱ ቀረብ ብሎ ነው። ቦርዱን በ1 ሚሊሜትር እያስጠጋህ የሙከራ መስመር አትም፤ ከመሃሉ ሌላ ሁለቱንም ጫፍ በማጉያ መነጽር እይ። ጨረሩን ወደ ቦርዱ የሚያዞረው አጣፊ መስታወትም ለ780 የተቀባ ከሆነ 405ን በከፊል ያሳልፋል። ከጀርባው ነጭ ወረቀት አድርግ፤ ነጥብ ካበራበት በአሉሚኒየም መስታወት ቀይረው።

ጥ፦ ሌንሱን ትቼ ቀድሞ በተሰበሰበ ጨረር ብሠራስ?

መ፦ በ200 ሚሊሜትር ርቀት፣ 20 ዲግሪ ላይ፣ ነጥቡ በማዕዘኑ ልክ 69.8 ሚሊሜትር መሆን ሲገባው 72.8 ላይ ያርፋል። ይህ በሶፍትዌር ይታረማል። ትኩረቱ ግን አይታረምም፤ ጫፉ ከመሃሉ 13 ሚሊሜትር ያህል ይርቃል።

ጥ፦ መስመሩ እስከ ስንት ይቀጥናል?

መ፦ 1.27 × የሞገድ ርዝመት × የትኩረት ርቀት ÷ የጨረሩ ስፋት። በ200 ሚሊሜትር ትኩረት፣ 4 ሚሊሜትር ጨረር 26 ማይክሮን ይሰጣል፤ 2 ሚሊሜትር ከሆነ 51። የመስታወቱ ገጽ ቁመት ከጨረሩ ካነሰ ግን ከገጹ የተረፈው ጨረር ተቆርጦ ይቀራል።

ጥ፦ በየ6 መስመሩ የሚደጋገም ሸርተቴ አለብኝ።

መ፦ ከ6ቱ አንዱ ገጽ በጥቂቱ አዘንብሏል። ከመስታወቱ በፊት የነበረችውን ትንሽ ሲሊንደር ሌንስ ጥለሃታል መሰለኝ፤ ብዙ ሰው ይጥላታል። ጨረሩን ገጹ ላይ አግድም መስመር አድርጋ የምታሳርፈው እሷ ናት፤ ረጅሙ ሌንስ የገጹን ዝንባሌ የሚያርመው ከእሷ ጋር ሲሠራ ነው። መልሳት።

ጥ፦ 50 ሚሊዋት ይበቃል?

መ፦ ፊልሙ በካሬ ሴንቲሜትር 50 ሚሊጁል ከፈለገ፣ 10 በ10 ሴንቲሜትር ቦርድ 5 ጁል ይጠይቃል። ቦርዱ ላይ የሚደርሰው 50 ሚሊዋት ሲሆን፣ ሌዘሩ ሳይጠፋ 100 ሰከንድ ነው። በ200 ሚሊሜትር ርቀት ጨረሩ ቦርዱ ላይ የሚያርፈው የእያንዳንዱን መስመር ጊዜ ሩብ ያህል ብቻ ስለሆነ 400 በል። በደቂቃ 3,000 ዙር፣ በ25 ማይክሮን እርምጃ አንዱ ጉዞ 13 ሰከንድ ብቻ ነው፤ 30 ጊዜ ያህል ደጋግመህ አስኪደው። ለ405 የተሠራ መነጽር አድርግ፤ ዓይን ይህን ብርሃን ደብዛዛ አድርጎ ስለሚያይ ደካማ ይመስላል።

ጥ፦ የመስመሮቹ መነሻ እንደ መጋዝ ጥርስ ሆነ።

መ፦ እያንዳንዱን መስመር በመነሻው ፎቶዳዮድ (ጨረሩ ሲያልፍበት ምልክት የሚሰጥ ብርሃን ለይ) ምልክት አስጀምር እንጂ በሞተሩ አትተማመን። ሌዘሩ ዳዮዱ ጋ ሳይደርስ መብራት አለበት።