በማቀፊያ የታሸገ የምኒልክ ብር እውነተኛነት እንዴት ይረጋገጣል?

ጥያቄ፦ የሳንቲሞችን እውነተኛነትና ጥራት መርምሮ ደረጃ በሚሰጠው ኤንጂሲ (NGC) በተባለው የአሜሪካ ድርጅት ደረጃ ተሰጥቶት በፕላስቲክ ማቀፊያ የታሸገ የዳግማዊ ምኒልክ ብር ከኢንተርኔት ጨረታ ገዛሁ። ብሩ ላይ በግዕዝ አኃዝ የተጻፈው 1889 ሲሆን መለያ ወረቀቱ ግን 1897 ይላል። በመለያ ወረቀቱ ላይ ያለውን የምስክር ቁጥር በድርጅቱ ድረ ገጽ ሳስገባ በትክክል ይወጣል፤ ሆኖም ዋጋው ከመሰሎቹ እጅግ የረከሰ በመሆኑ ጥርጣሬ አድሮብኛል። ማቀፊያውን ሰብሬ ብሩን ልመዝነው?
አንባቢ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ እባክዎ አይስበሩት። የድርጅቱ ዋስትና የሚጸናው ማቀፊያው እንደታሸገ ሲቆይ ብቻ ነው፤ ከተሰበረ በኋላ ሻጩም ዕቃውን መልሶ ለመቀበል እሺ አይልም።

የዓመተ ምሕረቱ ልዩነት አያሳስብዎ። በእኛ አቆጣጠር 1889 ዓ.ም. ከመስከረም 1896 እስከ መስከረም 1897 እ.ኤ.አ. ያለውን ጊዜ ስለሚሸፍን መለያው ያደረገው ዓመቱን መመንዘር ነው። የሚያሳስበው የምስክር ቁጥሩ ስለተገኘ ብቻ ነገሩ አለቀ ብሎ ማመን ነው። አጭበርባሪዎች ቀድሞ ከተሸጠ እውነተኛ ሳንቲም ፎቶግራፍ ላይ ቁጥሩን ገልብጠው በሐሰተኛ መለያ ላይ ያትሙታል፤ አንዱን ቁጥር በብዙ ማቀፊያ ላይ ሊያትሙትም ይችላሉ። ስለዚህ ፍለጋው የነገረዎት ቁጥሩ በድርጅቱ መዝገብ ውስጥ መኖሩን እንጂ በእጅዎ ያለው ብር ያው መዝገብ የሚጠቅሰው መሆኑን አይደለም።

ይህን የሚለየው ፎቶግራፉ ነው። ድርጅቱ በቁጥሩ ስር ሥዕል አስቀምጦ ከሆነ በኮምፒውተር አስፍተው ከእርስዎ ብር ጋር ጎን ለጎን ያስተያዩት። በንጉሠ ነገሥቱ ጉንጭ ላይ ያለ ጭረት፣ በዘውዱ ጫፍ ያለ ግጭት፣ በአንበሳው ዙሪያ የጠቆረው ቦታ አንድ በአንድ መግጠም አለባቸው። የብርሃን አጣጣል የብሩን ቀለም ቢለውጥም ጭረትን ከቦታው አያንቀሳቅስም። ሥዕል ካልተቀመጠ ያንኑ ቁጥር በቀድሞ ጨረታዎች ፎቶግራፎች መፈለግ ይቻላል።

ማቀፊያውን በተመለከተ፣ በአጉሊ መነጽርና ከጎን በሚያበራ መብራት ሁለቱ የፕላስቲክ ክፍሎች የሚገጥሙበትን መስመር ዙሪያውን ይመርምሩ። የሙጫ ቅሪት፣ በጠርዙ ላይ የነጣ ስንጥቅ ወይም ተከፍቶ እንደገና የተጣበቀ የሚመስል ቦታ ካለ ምክንያቱን ማጣራት ያስፈልጋል። ከጀርባ ያለው ሆሎግራም ሲያዘነብሉት መለዋወጥ ይኖርበታል፤ የመለያው ፊደላትም የደበዘዙ መሆን የለባቸውም። ድርጅቱ የማቀፊያውን ንድፍ በተለያየ ጊዜ ስለለወጠ ማነጻጸር ያለብዎት ከዚያው ዘመን እውነተኛ ማቀፊያ ጋር ነው። ፕላስቲኩ ላይ በአያያዝ የሚመጣ ጭረት ግን ምንም አያመለክትም።

እውነተኛ ማቀፊያ ውስጥ ሌላ ሳንቲም ሊተካ ስለሚችል ብሩንም መመርመር ግድ ነው፤ እዚህ ላይ ግዕዝን የሚያነብ ሰው ከብዙ የውጭ ሰብሳቢ ይሻላል። በፓሪስ የተመታው የምኒልክ ብር 40 ሚሊ ሜትር ስፋትና 28.075 ግራም ክብደት ያለው ሲሆን ከ1,000 እጅ 835ቱ ንጹሕ ብር ነው። በማቀፊያ ውስጥ እያለ ክብደቱን ለይቶ ማወቅ ቢያስቸግርም ፊደሉን ማንበብ ይቻላል። ብረት አቅልጦ በቅርጽ ውስጥ በማፍሰስ የተሠራ ሐሰተኛ ላይ የ«ዳግማዊ ምኒልክ» ፊደላት ጠርዛቸው ዶልዱሞ በመካከላቸው ጥቃቅን ጉድጓዶች ይታያሉ፤ ግዕዝ በማያውቅ ሰው የተቀረጸ ከሆነ ደግሞ አንዱ ፊደል ሌላውን መስሎ ይገኛል። ማቀፊያው ጠርዙን የሚያሳይ ከሆነ «ኢትዮጵያ ታበጽሕ እደዊሃ ኀበ እግዚአብሔር» የሚለውን የጠርዝ ጽሑፍ ይፈልጉ። ጠንካራ ማግኔት በፕላስቲኩ ላይ ቢስበው ሐሰተኛ ነው፤ ባይስበው ግን መዳብና ዚንክም በማግኔት ስለማይሳቡ ማስረጃ አይሆንም።

ሌላው የአገራችን ጉዳይ ነው። ብዙ የምኒልክ ብሮች ለአንገት ጌጥ ስለዋሉ ከላይ የብየዳ ወይም የተደፈነ ቀዳዳ ምልክት አላቸው። እንዲህ ያለውን ደረጃ ሰጪ ድርጅቶቹ ጉዳቱን ይጠቅሱበታል እንጂ እስከ 70 በሚደርሰው የጥራት መለኪያ የደረጃ ቁጥር አይሰጡትም። የብየዳ ምልክት ያለው ብር ከፍ ያለ የደረጃ ቁጥር ተለጥፎበት ካዩ ከዚህ የባሰ የማጭበርበር ምልክት አይፈልጉ።

ከሁሉ አስቀድሞ ሻጩ የወሰነው የመመለሻ ቀን ሳያልፍ ጥርጣሬዎን በጽሑፍ ያሳውቁት፣ የጨረታውን ፎቶግራፎችም ከመሰረዛቸው በፊት ያስቀምጡ። ከዚያ በኋላ የብሩንና የማቀፊያውን የሁለት ወገን ፎቶግራፍ ለድርጅቱ ልኮ ምርመራ መጠየቅ ይቻላል።