ድንገተኛ የቆሽት መቆጣት፦ ታማሚው በዝቷል፣ ሞቱስ?

ስለ ድንገተኛ የቆሽት መቆጣት ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ። መልሴ ይኸውና።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ በሽታው እውነት እየበዛ ነው?

መልስ፦ አዎ። ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ በዓለም ላይ በዓመት ከ100,000 ሰው 34 ያህሉን ይይዛል። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ወዲህ በየዓመቱ በአማካይ 3 በመቶ ገደማ ሲጨምር ቆይቷል። ግንባር ቀደሙ መንስኤ የሐሞት ጠጠር ነው። ውፍረት ሲበዛ ጠጠሩም ይበዛል። አልኮል ይከተላል፤ የሲጋራም እጅ አለበት።

ጥያቄ፦ ምርመራው ስለተሻሻለ የበዛ መስሎን እንዳይሆን?

መልስ፦ ከፊሉ እሱ ነው። ድሮ «ጨጓራ ነው» ተብሎ የተሸኘ ሰው ዛሬ ሊፔዝ (ከቆሽት የሚወጣ ኢንዛይም) በደሙ ይለካለታል፣ ሲቲ ስካን ይነሳል፣ ይመዘገባል። ይሄ ደግሞ የሞቱንም ሒሳብ ይቀይረዋል። ለምሳሌ 100 ታማሚ ተመዝግቦ 10 ቢሞት 10 በመቶ ነው። ምርመራው ሕመማቸው ቀላል የሆነ ሌሎች 100 ሰዎችን ቢያገኝና ከነሱ ማንም ባይሞት፣ ቁጥሩ ወደ 5 በመቶ ይወርዳል። የሞቱት ግን እነዚያው 10 ናቸው። አንድም ተጨማሪ ሰው አልዳነም! «የሞት መጠን ቀነሰ» የሚል ዜና ሳነብ መጀመሪያ የማጣራው ይህን ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ሕክምናው ምንም አልተሻሻለም?

መልስ፦ ኧረ ተሻሽሏል! ሕመሙ ከብዶ የሞተው የቆሽት ክፍል ሲመረቅዝ ድሮ ሆድ ይከፈት ነበር። አሁን መጀመሪያ መግሉ በቱቦ ይወጣል። ቀዶ ጥገናው የሚመጣው ካስፈለገ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ የኔዘርላንድ ጥናት ሞትና ከባድ መዘዝ አንድ ላይ ሲቆጠሩ ከ69 ወደ 40 በመቶ እንደወረዱ አሳይቷል። ሞቱ ለብቻው ሲታይ ግን ልዩነቱ ጎልቶ አልወጣም። ይሄን ደብቄ ባወራ ደስ አይለኝም።

ጥያቄ፦ አጎቴ በዚህ በሽታ ሆስፒታል ተኝቷል። ይተርፍ ይሆን?

መልስ፦ እግዜር ይማርልህ፣ ወንድሜ። ከ5 ታማሚ 4ቱን የሚይዘው ቀላሉ ነው። አብዛኛው በሳምንት ውስጥ ይወጣል፤ ከ100 አንድ እንኳ አይሞትም። የሚያስፈራው ሳንባ፣ ኩላሊት ወይም የደም ዝውውር ተዳክሞ ከ48 ሰዓት በላይ ሳያገግም ሲቀር ነው። ያኔ ከ3 ሰው አንዱ ገደማ ይሞታል። ስለዚህ ሐኪሞቹን «ሽንቱ በደንብ ይወርዳል ወይ? ኦክስጅኑስ እንዴት ነው?» ብለህ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ በንዴት ቆሽት ያርራል የሚባለው ከዚህ ጋር ይገናኛል?

መልስ፦ አይገናኝም፣ ንዴት አያመጣውም። ግን ቆሽት ምግብ የሚፈጭበት ኢንዛይም እዚያው ውስጡ ሲነሳ የራሱን ሥጋ መፍጨት ይጀምራል። ታማሚውን አልጋው ጠርዝ ላይ ወደ ፊት አጎንብሶ፣ ትራስ ሆዱ ላይ አቅፎ ታገኙታላችሁ። ሲንጋለል ይብስበታል። ሕመሙ ከላይኛው ሆድ ተነስቶ ጀርባ ድረስ ይዘልቃል። እንዲህ ካመማችሁ እስኪነጋ አትጠብቁ።

ጥያቄ፦ አንዴ ከዳነ ይመለሳል?

መልስ፦ መንስኤው ካልተነሳ፣ አዎ። ጠጠር ከሆነና ሕመሙ ቀላል ከነበረ፣ ከሆስፒታል ሳትወጡ የሐሞት ከረጢቱ ይውጣልኝ በሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣ ጥናት ቀዶ ጥገናው ለሌላ ጊዜ ከተቀጠረላቸው 17 በመቶዎቹ በሐሞት ጠጠር መዘዝ ተመልሰው ተኝተዋል ወይም ሞተዋል። ወዲያው ከተሠራላቸው ግን 5 በመቶ ብቻ።